የበጀት ቅነሳ የገጠመውን የአካባቢ ታሪካዊ ሙዚየም መደገፍ፤ ከየት ይጀመራል?

ባለፈው ክረምት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ፣ ቀድሞ የመኳንንት መኖሪያ በነበረ ሙዚየም ውስጥ ቆሜ፣ ጥበቃው ከጣሪያ ለሚንጠባጠበው ውኃ ሰማያዊ ሳፋ ሲያስቀምጥ አየሁ። ሳፋው ያረፈው የድሮ ፎቶግራፎች ከተደረደሩበት የመስታወት ሣጥን አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ቆርቆሮው አላረጀም፤ አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ ውኃው ወደ ግድግዳው ስለተመለሰ ነው ቤቱ ያፈሰሰው። አሸንዳውን ለመጥረግ አንድ መሰላልና የአንድ ቀን የጉልበት ክፍያ ይበቃ ነበር፤ ሆኖም የዚያ ዓመት የጥገና በጀት ተቀንሶ ስለነበር ክፍያውን የሚያጸድቅ አልተገኘም። ይህን መመሪያ የምጽፈው እንዲህ ያለ ሙዚየም በአካባቢያቸው ላላቸው፣ ለመርዳትም ፈቃዱ ኖሯቸው መግቢያው ለጠፋባቸው ሰዎች ነው።

የተቀነሰው ምኑ እንደሆነ አስቀድሞ መለየት

አብዛኛው የድጋፍ እንቅስቃሴ ገና ከጅምሩ የሚሰናከለው «ሙዚየሙ በጀት አጥቷል» የሚለውን ወሬ ይዞ ስለሚነሣ ነው። የመንግሥት ሙዚየም በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። ከመደበኛው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደመወዝ ነው፤ ደመወዝ በቀላሉ ስለማይነካ የበጀት ጫና ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሥራ ማስኬጃው ይሆናል። የመብራትና የውኃ ክፍያ፣ የጽዳት ዕቃ፣ የጥገና፣ የተባይ መከላከያ፣ የመግለጫ ጽሑፍ ማሳተሚያ ሁሉ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሠራተኞቹ በሥራ ገበታቸው ተቀምጠው፣ በሩም ተከፍቶ ሳለ ቤቱ ከውስጥ ሊፈርስ ይችላል። የካፒታል በጀት ሲታጠፍ ደግሞ ጉዳቱ ወዲያውኑ አይታይም፤ ለጣሪያ እድሳት የተያዘው ገንዘብ ለሌላ ፕሮጀክት ሲዛወር ችግሩ የሚገለጠው ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሙዚየሙን ኃላፊ በአክብሮት ቀርቦ ማነጋገር ነው። ያለፈው ዓመትና የዘንድሮው በጀት በየርዕሱ ስንት እንደሆነ፣ የተቀነሰው በየትኛው አካል ውሳኔ እንደሆነ፣ በዚህ ዓመት ገንዘብ ባይገኝ የትኛው ሥራ ሊዘለል እንደማይችል ይጠይቁ። ኃላፊው የመንግሥት ሠራተኛ በመሆኑ በይፋ ሊናገር የማይችለው ነገር እንዳለ ይረዱለት፤ ስሙን ጠቅሰው በአደባባይ አቤቱታ ማቅረብ የሚጎዳው እሱን ነው።

ከዚሁ ጋር የሙዚየሙ ባለቤት ማን እንደሆነ በትክክል ይወቁ፤ የሚንኳኳው በር የሚወሰነው በዚህ ነውና። በአዲስ አበባ ብቻ እንኳ ብንወስድ ልዩነቱ ሰፊ ነው። በመስቀል አደባባይ አጠገብ፣ በራስ ብሩ መኖሪያ ቤት ውስጥ የሚገኘውና ከከተማዋ 100ኛ ዓመት በዓል ጋር ተያይዞ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ሙዚየም የከተማ አስተዳደሩ ነው። ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ማለትም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የቆመው ደግሞ በሰማዕታቱ ቤተሰቦችና ወዳጆች ትጋት ሲሆን፣ ለዓመታት የኖረው የመግቢያ ዋጋ ሳያስከፍል ጎብኚ በሚሰጠው መዋጮ ነው። በሐረር ጀጎል ውስጥ፣ ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የተጀመረው በአንድ ሰው የግል ስብስብ ነው። ለአንዱ የሚሠራው የድጋፍ መንገድ ለሌላው አይሠራም፤ ለከተማው ምክር ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ የዩኒቨርሲቲን ሙዚየም አይረዳም።

የቲኬቱ ገንዘብ የት ይገባል?

ለሙዚየም የሚያስብ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያቀርበው ሐሳብ «የመግቢያ ዋጋ ይጨመር»፣ «ካፌ ይከፈት»፣ «አዳራሹ ይከራይ» የሚል ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰበሰበውን ገቢ በተለይ ካልተፈቀደለት በቀር ለፋይናንስ ገቢ ማድረግ አለበት። ሙዚየሙ አሥር ሺህ ብር የቲኬት ሽያጭ ቢያስገባ ያ ገንዘብ አሸንዳውን ለመጥረግ አይመለስም። በእኔ እምነት በአቅራቢያችን ላሉት ትንንሽ ሙዚየሞች ከአንድ ጊዜ ስጦታ ይልቅ የሚጠቅማቸው የውስጥ ገቢያቸውን ለራሳቸው ጥገና እንዲጠቀሙ መፈቀዱ ነው። ለምክር ቤት አባላት የሚቀርብ ጥያቄ አንድ ብቻ መሆን ካለበት ይህ ይሁን፦ «ሙዚየሙ ከቲኬትና ከአዳራሽ ኪራይ የሚያገኘውን ገቢ፣ በኦዲት ሥር ሆኖ፣ ለቅርስ ጥበቃ ሥራው እንዲያውል ይፈቀድለት።» ይህ ጥያቄ ከካዝናው አዲስ ገንዘብ ስለማይጠይቅ በበጀት እጥረት ዘመን የመደመጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ጊዜውን ማወቅ

የመንግሥት የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ የሚያበቃውም ሰኔ 30 ቀን ነው። ብዙ ሰው ቅሬታውን የሚያሰማው በጀቱ ጸድቆ ቅነሳው ከታወቀ በኋላ፣ ማለትም በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ በዚያን ጊዜ ማንም ባለሥልጣን ቢያዝን እንኳ የሚሰጠው መልስ «ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን» ነው። መሥሪያ ቤቶች የቀጣዩን ዓመት ዕቅድና የበጀት ጥያቄ የሚያዘጋጁት በበጀት ዓመቱ አጋማሽ፣ ከጥር ወር ጀምሮ ባሉት ወራት ስለሆነ፣ ከሙዚየሙ ኃላፊና ከባህልና ቱሪዝም ቢሮው ጋር መነጋገር የሚገባው ያኔ ነው። የምክር ቤቱ አባላት የሚመክሩት ደግሞ በዓመቱ ማብቂያ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ። ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀን በየዓመቱ የሚከበረው ግንቦት 10 ቀን ነው። ቀኑ ከበጀት ክርክሩ ጥቂት ሳምንታት፣ ከክረምቱም ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ይውላል። የምክር ቤቱን የበጀትና የባህል ቋሚ ኮሚቴ አባላት በዚያ ቀን ወደ ሙዚየሙ ጋብዘው፣ የፈሰሰውን ጣሪያና የተላጠውን ግድግዳ ቆመው እንዲያዩት ማድረግ ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይበልጣል። ግብዣው በሙዚየሙ ኃላፊ ስም እንዲወጣ ይሁን፤ ቡናውንና ዳቦውን የአካባቢው ሰው ያዋጣ።

የሚጻፈው ደብዳቤ

ለምክር ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ስለ ጥንታዊት ኢትዮጵያ ክብር የሚተርክ ረጅም መግቢያ አያስፈልገውም፤ የሚያነቡት ሰዎች ያን ያውቁታል። የሚፈልጉት የጎደለውን ነገር ስም፣ የሚያስፈልገውን የብር መጠንና ባይሰጥ የሚደርሰውን ጉዳት ነው። ለምሳሌ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«እኛ ከዚህ በታች ስማችንና ፊርማችን የሰፈረው የወረዳው ነዋሪዎች፣ የሙዚየሙ የጥገና በጀት በመቀነሱ ምክንያት የምሥራቁ ክፍል ጣሪያ ካለፈው ክረምት ጀምሮ እያፈሰሰ መሆኑን በዓይናችን አይተናል። በክፍሉ ውስጥ የብራና መጻሕፍትና ፎቶግራፎች ይገኛሉ። የጥገናው ግምት በባለሙያ ተሠርቶ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ሥራው ከሰኔ በፊት እንዲጠናቀቅ የሚያስፈልገው ገንዘብ እንዲፈቀድልን፣ ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገውን የጉልበትና የቁሳቁስ መዋጮ በከፊል ለመሸፈን ዝግጁ መሆናችንንም እየገለጽን በአክብሮት እንጠይቃለን።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ዋጋ አለው፤ ጠያቂው እጁን አጣጥፎ እንዳልመጣ ያሳያል። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤት አስገብተው ቁጥርና ቀን ማስያዝን፣ ግልባጩንም ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው መስጠትን አይዘንጉ። ቁጥር የሌለው ደብዳቤ መልስ አይጠየቅበትም።

የሙዚየም ወዳጆች ማኅበር

አንድ ሰው ብቻውን ለአንድ ወር ሊሮጥ ይችላል፤ ለአሥር ዓመት የሚሮጠው ማኅበር ነው። ለዚህ ከውጭ ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በ1963 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1968 እ.ኤ.አ.፣ የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በአባላት መዋጮና በልዩ ልዩ ዝግጅቶች ገንዘብ እያሰባሰበ፣ ወደ ገበያ ወጥተው ከአገር ሊሸሹ የነበሩ ሥዕሎችን፣ መስቀሎችንና የብራና መጻሕፍትን እየገዛ ለሙዚየሙና ለቤተ መጻሕፍቱ ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ ስድስት ኪሎ ገብቶ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ክፍል ለማየት የሚወጣ ጎብኚ፣ በግቢው ውስጥ ፋሺስቶች ለሙሶሊኒ የሥልጣን ዘመን ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እያሉ ያቆሙትን፣ በኋላም በአናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀመጠበትን ጠመዝማዛ ደረጃ ይመለከታል። ያን ሁሉ ጠብቆ ማቆየት በአንድ መሥሪያ ቤት በጀት ብቻ የተቻለ ነገር አይደለም።

ማኅበሩን ለማቋቋም ሕጉ ከባድ አይደለም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ማኅበር በአምስትና ከዚያ በላይ በሆኑ አባላት ሊመሠረት ይችላል፤ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። አዋጁ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ለትንሽ ማኅበር ግን እኔ ከዚያ በጣም ዝቅ እንዲል እመክራለሁ፤ ቢሮ መከራየትም አስፈላጊ አይደለም። የሕዝብ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን አጣርቶ መያዝ ይገባል። በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ ያለ ፈቃድ ብር መለመን የሙዚየሙን ስም ያጎድፋል።

አሠራሩን ለማወቅ ደግሞ ማንም ሩቅ መሄድ የለበትም፤ እድር አለን። እድር ማለት ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቆጣጣሪ፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የሚከፈል ትንሽ መዋጮ፣ ያልከፈለ የሚቀጣበት ደንብ፣ ሁሉም የሚያየው መዝገብ ነው። የሙዚየም ወዳጆች ማኅበርም በዚሁ መልክ ሊቆም ይችላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ስድሳ ሰው በየወሩ ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢያዋጣ በዓመት 36,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ሙዚየም አይሠራም፤ ነገር ግን አሸንዳ ያስጠርጋል፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት ያስተካክላል፣ የተቃጠለ አምፖል ይቀይራል። የሥራ ማስኬጃ ሲቆረጥ የሚጎድለውም በትክክል ይህ ነው። በእራት ግብዣ ላይ በአንድ ሌሊት የሚሰበሰብ ትልቅ ገንዘብ ፎቶ ይነሣል፤ በየወሩ የሚመጣው ግን ቤቱን ያቆመዋል። ሁለቱም ከተገኙ መልካም ነው፤ አንዱን መምረጥ ግድ ከሆነ ወርኃዊውን ይምረጡ።

የባንክ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ተከፍቶ በሦስት ፈራሚዎች፣ ቢያንስ በሁለቱ ጣምራ ፊርማ እንዲንቀሳቀስ ይደረግ። የሙዚየሙ ሠራተኛ ፈራሚ ባይሆን ይሻላል፤ በሁለት ወንበር የተቀመጠ ሰው ቢታማ መከላከያ አይኖረውም።

ስጦታ አሰጣጥ

ኮምፒውተር፣ ካሜራ፣ ቀለም፣ መደርደሪያ የሚሰጥ ሰው ዕቃው በሞዴል 19፣ ማለትም በመንግሥት የንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ መደረጉን አይቶ ቅጂውን ይውሰድ። በሞዴል ያልገባ ዕቃ የሙዚየሙ ንብረት መሆኑ አይታወቅም፤ ኃላፊ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ቅርስ የሚሰጥ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ዕቃው በስጦታ ነው ወይስ በአደራ የተሰጠው፣ ለዕይታ የሚቀርበው በማን ስም ነው፣ ሙዚየሙ ቢዘጋ ወዴት ይሄዳል የሚለው በጽሑፍ ይስፈር። የአያት ካባና ጎራዴ ሰጥቶ ከዓመታት በኋላ የት እንደደረሰ ማወቅ ያልቻለ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ በእጃቸው አንድም ወረቀት አልነበረም።

ነጋዴዎችን በሚያነጋግሩበት ጊዜ የግብሩን ጉዳይ ማንሳት ይጠቅማል። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚሰጥ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ሳይበልጥ፣ በተቀናሽ እንዲያዝ ይፈቅዳል። የተመዘገበ ማኅበርና ሕጋዊ ደረሰኝ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው፤ ዝርዝሩን ነጋዴው ከሒሳብ ባለሙያው ጋር ይየው። በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆችም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ደረሰኝና ፎቶግራፍ ነው። ለእነሱ «ለሙዚየሙ እርዱ» ከማለት ይልቅ «ይህ መስኮት ይህን ያህል ብር ይፈጃል» ብሎ መስኮቱን ማሳየት ይበጃል። ከዚህም ሌላ በየቤታቸው አልበም ውስጥ ያለው የወላጆቻቸው ፎቶግራፍ ለሙዚየሙ ከገንዘብ የማይተናነስ ስጦታ ሊሆን እንደሚችል ይንገሯቸው፤ ቅጂው ቢላክ ይበቃል።

በእጅ የሚሠራ ሥራ፣ የማይነካም ነገር

ወጣቶች ተሰባስበው «ሙዚየሙን እናጽዳ፣ ቀለም እንቀባ» ሲሉ መስማት ደስ ይላል፤ ሆኖም በጎ ፈቃድ ከበጀት እጥረት በላይ የሚጎዳበት ቦታ አለ። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ በቅርስ ባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ ያዛል፤ ታሪካዊው ቤት ራሱም ቅርስ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተገነቡ በመሆናቸው ግድግዳቸው እርጥበትን ስቦ መልሶ ያወጣል። በላያቸው ሲሚንቶ ሲለሰን ወይም የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ለውስጥ ጭቃውን ያላላዋል፤ ከውጭ ሲታይ ያማረው ግድግዳ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆዱ ይነፋና ይገመሳል። የእንጨት በረንዳ ላይ የተቀረጸውን ጌጥ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግም እንዲሁ መልሶ የማይገኝ ነገር ማጥፋት ነው።

ብራናን በተመለከተ ደንቡ አጭር ነው፦ ባለሙያ ሳይኖር አይገለጥ፣ በእርጥብ ጨርቅ አይወልወል፣ የተባይ መድኃኒት በቀጥታ አይረጭበት፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አይቀመጥ። ማኅደሩ ቢቀደድ እንኳ አይጣል፤ እሱም የታሪኩ አካል ነው።

ታዲያ በጎ ፈቃደኛው ምን ይሥራ? በግንቦት አሸንዳና ፍሳሽ መውረጃ ይጥረግ፤ ከግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈርና የበቀለውን ሣር ያንሣ፤ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን የሚመታውን ዛፍ አስፈቅዶ ይግረዝ። ጎብኚ ያስጎብኝ፤ የትምህርት ቤት ልጆችን ከመምህሮቻቸው ጋር ያምጣ። የጎብኚዎች መዝገብ በሥርዓት እንዲያዝም ይርዳ፤ በበጀት ክርክር ጊዜ «ባለፈው ዓመት ይህን ያህል ተማሪ ገብቷል» የሚለው ቁጥር የሚገኘው ከዚያ መዝገብ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቅርስ ምዝገባው ነው። በኃላፊው ፈቃድና በባለሙያው ክትትል፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከፊትና ከኋላ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጦ፣ የመዝገብ ቁጥሩ እንዲታይ አድርጎ ፎቶ ማንሣት ይቻላል። ለዚህ ደህና ስልክና ደመናማ ቀን ይበቃሉ፤ ብልጭታውን ማጥፋት አይዘንጋ። ሥንጥቅ፣ የቀለም ልጣጭ፣ የጎደለ ፈርጥ ካለ ለብቻው ቀርቦ ይነሣ፤ አንድን ዕቃ ከመሰሉ የሚለየው እንዲህ ያለው ጉድለት ነው። ፎቶዎቹና ዝርዝሩ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ አንደኛው ከሕንፃው ውጭ ይሁን። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በደሴ ሙዚየም ላይ ዘረፋ ደርሷል። የተዘረፈ ቅርስ ድንበር ላይ ወይም በጨረታ ቤት ቢገኝ የኛ ነው ብሎ ማስመለስ የሚቻለው ፎቶውና የመዝገብ ቁጥሩ ሲኖር ነው። ፎቶዎቹን ግን በማኅበራዊ ሚዲያ አይለጥፉ፤ የዕቃው ዝርዝርና የተቀመጠበት ክፍል ለሌባም መረጃ ነው።

በሩ ሊዘጋ ነው ከተባለ

ይህ ሁሉ ተደርጎም በጀቱ ላይመለስ ይችላል። ያኔ «ለጊዜው ዝግ ነው» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት በጽሑፍ መልስ የሚጠየቅባቸው ነገሮች አሉ። ቅርሶቹ እዚያው ይቆያሉ ወይስ ይዛወራሉ? ከተዛወሩ በማን ፈቃድና ወደ የትኛው መጋዘን ነው? ቁልፉ በማን እጅ ይሆናል? ጥበቃው ማታ ማታ ይቀጥላል? መብራቱ ተቋርጦ የማንቂያ ደወሉ ይጠፋል? ርክክቡ በመዝገቡ መሠረት ዕቃ በዕቃ ተቆጥሮ፣ የአስተዳደሩ፣ የባህልና ቱሪዝም ቢሮውና የነዋሪው ተወካይ ባሉበት ይፈጸም፤ ሰነዱም በሦስት ቅጂ ተዘጋጅቶ በየገጹ ይፈረም። አንዱ ቅጂ ከወዳጆች ማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ቤቱ በየሦስት ወሩ ተከፍቶ እንዲናፈስ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊትም አሸንዳው እንዲጠረግ አብሮ ይጠየቅ፤ ዝግ ቤት ውስጥ ጣሪያ ሲያፈስ ሳፋ የሚያስቀምጥ ሰው የለምና።